ከኪሳራ በኋላ ቤት መግዛት፦ የሚያግደን የዳኛው ወረቀት ነው ወይስ የራሳችን?



በ2025 ጸደይ፣ የታክሱ ወራት አልፎ ቢሮዬ ጸጥ ሲል፣ የብዙ ዓመት ደንበኛዬ የሆኑ አንድ ባለታክሲ መጡና አንድ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። ወንበር ስስብላቸው አልተቀመጡም። «ይኸው፣ ብዬህ ነበር፤ ባንክራፕሲ የገባ ሰው እዚህ አገር ቤት አይገዛም» አሉኝ።

ደብዳቤውን አነበብኩት። ከባንክ የመጣ የእምቢታ ደብዳቤ ነው። እኚህ ሰው በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት አውሮፕላን ጣቢያው ባዶ ሲሆንባቸው፣ የመኪናው ዕዳና የክሬዲት ካርዱ ወለድ ሲደራረብባቸው፣ ቻፕተር 7 ገብተው በ2021 መጀመሪያ ላይ ዕዳቸው ተሰርዞላቸዋል። ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት በትዕግሥት ጠበቁ፣ ክሬዲታቸውን አቃኑ፣ ለቅድሚያ ክፍያ የሚሆን ገንዘብም አጠራቀሙ። በደብዳቤው ላይ ግን ስለ ባንክራፕሲ አንድም ቃል አልነበረም። የተሰጠው ምክንያት «ለተጠየቀው ብድር የሚበቃ ገቢ አልታየም» የሚል ነው።

ያንን ገቢ በታክስ ፎርማቸው ላይ የሞላሁት እኔ ነኝ።

በየዓመቱ ሲመጡ «እባክህ ዝቅ አድርግልኝ» ይሉኝ ነበር። የወጪ ዝርዝር በቃል ይነግሩኛል፣ እኔም ደረሰኝ ሳልጠይቅ እጽፋለሁ። ትምህርቴን በዚሁ አገር ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩ የሒሳብ ባለሙያ ሆኜ «ጋሼ፣ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ቤት የመግዛት ሐሳብ አለዎት?» የሚለውን ቀላል ጥያቄ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋቸውም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚህ ነው። የእኔን ጥፋት ሌላው ባለሙያ እንዳይደግመው፣ የእሳቸውን ደግሞ እርስዎ እንዳይደግሙት።

ሐሳቤን በአጭሩ ልናገር። እኛ ስደተኛ ነጋዴዎችና ባለታክሲዎች ከኪሳራ በኋላ ቤት መግዛት የሚያቅተን አብዛኛውን ጊዜ ፍርድ ቤቱ በያዘው መዝገብ አይደለም። መዝገቡ ጊዜ አለው፣ ጊዜው ሲደርስ ያልፋል። የሚያስቀረን በመጠበቂያው ዓመታት ውስጥ እኛው በእጃችን የምንጽፈው፣ ወይም ሳንጽፍ የምንተወው ወረቀት ነው።

መጀመሪያ ስለ መጠበቂያው ጊዜ

በየካፌውና በየታክሲ መቆሚያው «ሰባት ዓመት»፣ «አሥር ዓመት»፣ «ዕድሜ ልክ» ሲባል እሰማለሁ። አሥር ዓመት የሚባለው ቻፕተር 7 ባንክራፕሲ በክሬዲት ሪፖርት ላይ ሊቆይ የሚችልበት ጊዜ ነው። ብድር የሚከለከሉበት ጊዜ ግን ሌላ ነው፣ ከዚያም ያጥራል።

መንግሥት ዋስ በሚሆንበት በኤፍ ኤች ኤ ብድር፣ ቻፕተር 7 የገባ ሰው ዕዳው ከተሰረዘበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ይጠብቃል። ልብ ይበሉ፣ የሚቆጠረው መዝገቡ ከተከፈተበት ቀን ሳይሆን ዲስቻርጅ የሚባለው የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ከተሰጠበት ቀን ነው። ቻፕተር 13 የገባና ዕዳውን በፕላን የሚከፍል ሰው ደግሞ፣ አንድ ዓመት ሙሉ በሰዓቱ ከከፈለና ፍርድ ቤቱ ከፈቀደለት፣ ፕላኑ ሳያልቅ እንኳ ማመልከት ይችላል። ባንክ ቤቱን በፎርክሎዠር የወሰደበት ሰው ሦስት ዓመት ይጠብቃል።

ፋኒ ሜ የሚገዛው መደበኛው ብድር ጠበቅ ይላል። ከቻፕተር 7 በኋላ አራት ዓመት፣ ቻፕተር 13ን ከፍሎ ለጨረሰ ሁለት ዓመት፣ ከፎርክሎዠር በኋላ ሰባት ዓመት፣ ባንኩ ተስማምቶ በሾርት ሴል ለተሸጠ ቤት አራት ዓመት ነው። ኪሳራው የመጣው ከአቅም በላይ በሆነ ነገር፣ ለምሳሌ በከባድ ሕመም ወይም የቤቱ ገቢ ምሰሶ የነበረው ሰው በመሞቱ ከሆነና ይህም በሰነድ ከተረጋገጠ፣ አንዳንዱ ጊዜ ሊያጥር ይችላል። «ሥራ ቀዝቅዞብኝ ነበር» ብሎ በቃል መናገር ብቻውን አይበቃም።

እንግዲህ ይቁጠሩት። ደንበኛዬ በኤፍ ኤች ኤ በኩል ቢሄዱ ኖሮ ገና በ2023 ማመልከት ይችሉ ነበር። በሰሜን ቨርጂኒያ በፕሪንስ ዊልያም ካውንቲ፣ በሜሪላንድም፣ በ2007 እና በ2008 ወለዱ እየጨመረ በሚሄድ ብድር ቤት ገዝተው ያጡ ብዙ ወገኖቻችን አሉ። የእነርሱ ሰባት ዓመት ካለቀ ቆይቷል። ዛሬም ግን «እኔ እኮ አንዴ ተበላሽቻለሁ» እያሉ የሚኖሩ አውቃለሁ። የነገራቸው ሰው ስለሌለ፣ እነርሱም አፍረው ስላልጠየቁ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበትን አንድ ጉድጓድ ላሳይዎት። ባንክራፕሲ ሲገቡ ቤቱንም አብረው ከለቀቁ፣ ቤቱ በዚያው ቀን ከስምዎ ወጣ ማለት አይደለም። ባንራፕሲው እርስዎ በግልዎ የሚጠየቁበትን ዕዳ ይሰርዛል እንጂ፣ ባንኩ ቤቱን በሐራጅ ሸጦ ስሙ እስኪዛወር ድረስ አንዳንዴ ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ያልፋሉ። ኤፍ ኤች ኤ ሦስቱን ዓመት የሚቆጥረው ስሙ ከተዛወረበት ቀን ነው። በፋኒ ሜ በኩል ግን የቤቱ ዕዳ በባንክራፕሲው ውስጥ መሰረዙን በሰነድ ካሳዩ፣ የባንክራፕሲው ጊዜ ሊቆጠርልዎት ይችላል። ስለዚህ የፍርድ ቤቱን ወረቀት በሙሉ፣ የዕዳዎቹን ዝርዝር ጭምር፣ እንደ ልደት ሰርተፊኬት ያስቀምጡት።

ስለ ኪሳራ ነውርነት አንድ ቃል

ኪሳራ የስንፍና ምልክት አይደለም። በኒውዮርክ የአንድ ታክሲ ሜዳልያ ዋጋ በ2014 ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ደርሶ በ2018 ከ200,000 በታች ወረደ። ሌሊትና ቀን የሚነዱ ሰዎች ያለ ጥፋታቸው ከሰሩ። የባንክራፕሲ ሕግ የተጻፈው ለእንደዚህ ያለው ቀን ነው። በዚህ አገር ለሚኖር ወይም ንብረት ላለው ሰው ሁሉ የተሰጠ መብት ነው፣ ዜግነት አይጠይቅም። «ግሪን ካርዴን ይነጥቁኛል» ብለው የሚፈሩ አሉ። በሕግ መንገድ የተሰረዘ ዕዳ ከአገር የሚያስወጣ ወንጀል አይደለም። የዜግነት ማመልከቻን የሚያበላሸው ያልተከፈለ ታክስና የተዋሸ ወረቀት ነው።

ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ታክሱ

የራሱን ሥራ የሚሠራ ሰው ብድር ሲጠይቅ፣ ባንኩ በመሪው ላይ ስንት ሰዓት እንደዋሉ ወይም ካዝናዎ ውስጥ በቀን ስንት እንደገባ አይጠይቅም። አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ዓመት የታክስ ወረቀትዎን ይጠይቃል። ግልባጩንም በፊርማዎ ፈቃድ በቀጥታ ከአይ አር ኤስ ያወጣል። የሚያየው ስኬጁል ሲ በሚባለው ገጽ ግርጌ ያለውን የተጣራ ትርፍ ነው። የሁለቱን ዓመት አማካይ ይወስዳል፣ ሁለተኛው ዓመት ከፊተኛው ካነሰ ደግሞ ያነሰውን ይይዛል።

በምሳሌ ላስረዳ። በ2024 አንድ ባለታክሲ 78,000 ዶላር አስገባ እንበል። 40,000 ማይል ነድቷል። በዚያ ዓመት አይ አር ኤስ ለአንድ ማይል የፈቀደው 67 ሳንቲም ስለነበረ 26,800 ዶላር ይቀነስለታል። ለፈቃድ፣ ለስልክ፣ ለመጥሪያ ክፍያና ለመሳሰለው በደረሰኝ የተያዘ 9,200 ዶላር አለው። ቀሪው 42,000 ዶላር ትርፍ ነው። አሁን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይመጣል። ከ67ቱ ሳንቲም ውስጥ 30ው የመኪናው እርጅና ሒሳብ ነው፣ ከኪስ የወጣ ገንዘብ ስላልሆነ ባንኩ መልሶ ይደምርልዎታል። ይህ 12,000 ዶላር ነው። ስለዚህ ለብድሩ የሚታየው ገቢ 54,000፣ በወር 4,500 ዶላር ይሆናል።

ይኸው ሰው «ዝቅ ይበልልኝ» ብሎ ደረሰኝ የሌለው 20,000 ዶላር ወጪ ቢጨምርበትስ? ለብድሩ የሚታየው ገቢ ወደ 34,000 ይወርዳል፣ በወር 2,833 ዶላር መሆኑ ነው። ባንኩ ለዕዳ ሁሉ ከገቢዎ 43 በመቶውን ቢፈቅድልዎ፣ በመጀመሪያው ሒሳብ በወር 1,935 ዶላር መክፈል ይችላሉ፣ በሁለተኛው 1,218 ብቻ። ልዩነቱ በወር 717 ዶላር ነው። በ6.5 በመቶ ወለድ ለ30 ዓመት ሲሰላ ከ110,000 ዶላር በላይ ብድር ማለት ነው። በዚያ ልዩነት ነው ሰው ቤት አግኝቶ የሚገባው ወይም ባዶ እጁን የሚመለሰው።

በዚያ 20,000 ዶላር የዳነው ታክስስ ስንት ነው? የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬሩ ወደ 2,800 ዶላር ነው፣ የገቢ ታክሱ እንደ ቤተሰቡ ሁኔታ ይጨመርበታል። ትንሽ ገንዘብ ነው አልልም። ለልጆች ጫማና ለመኪና ጎማ የሚሆን ገንዘብ ነው። ነገር ግን ያ ገንዘብ ስጦታ አይደለም። ደረሰኝ ያልነበረው ወጪ ኦዲት ሲመጣ ከነቅጣቱ ይመለሳል። የጡረታ ገንዘብዎም የሚሰላው ባሳወቁት ገቢ ነው። «ታክስ አብዝቶ የሚከፍል ሞኝ ነው» የሚሉኝ ደንበኞች አሉኝ። ሕግ የፈቀደውን ወጪ ሁሉ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ይቀንሱ፣ እኔም የምበላው እንጀራ ይኸው ነው። ያልወጣውን ወጪ መጻፍ፣ ያገኙትንም ጥሬ ገንዘብ መደበቅ ግን ሌላ ነው። ለአይ አር ኤስ ድሃ፣ ለባንክ ሀብታም መሆን አይቻልም። ሁለቱም የሚያነቡት አንድ ወረቀት ነው።

በተቃራኒውም እንዳይሳሳቱ። ብድር ለማግኘት ሲባል ያላገኙትን ገቢ እንዳገኙ መጻፍም ያው ማታለል ነው።

እቁብ ወረቀት ሲኖረውና ሲያጣ

ብዙዎቻችን ባንክ ፊቱን ባዞረብን ጊዜ ያነሳን እቁብ ነው። ባንኩ ግን በአካውንትዎ ድንገት 15,000 ዶላር ሲገባ ሲያይ «ይህ ከየት መጣ?» ይላል። «የእቁብ ነው» ሲባል የማይገባው የብድር ሠራተኛ ብዙ ነው፣ እኛም አፍረን «ዘመድ ሰጠኝ» እንላለን። ውሸቱ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ለመሆኑ የኤፍ ኤች ኤ መመሪያ መጽሐፍ አባላት ራሳቸው የሚያስተዳድሩትን የቁጠባ ማኅበር በግልጽ እንደሚቀበል ያውቃሉ? የሚጠይቀው ማኅበሩ መቼ እንደተቋቋመና ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ፣ እርስዎም ገንዘቡን መቀበልዎን የሚያሳይ ሰነድ ነው። ገንዘቡ ተጠራቅሞ የመጣ እንጂ ብድር አለመሆኑም መታየት አለበት። ፋኒ ሜም በየጊዜው ያዋጡትን የሚያሳይ መረጃና የሰብሳቢውን የጽሑፍ ማረጋገጫ ከያዙ ይቀበላል።

እንግዲህ ሁለት ነገር ልምከር። አንደኛ፣ የእቁቡ ዳኛና ጸሐፊ ደብተር ይያዙ፣ መዋጮውም በእጅ ሳይሆን በቼክ ወይም በባንክ ዝውውር ይሁን። ሁለተኛ፣ ዕጣው ገና በመጀመሪያው ዙር የደረሰው ሰው የያዘው የሌሎችን ገንዘብ ነው፣ ቀሪውን ገና ይከፍላል። ባንክ ያንን እንደ ብድር ቢያየው አልተሳሳተም። መዋጮው የሚቀጥል ከሆነ ደግሞ እንደ ወር ዕዳ ሊቆጠርብዎት ይችላል። ለቤት የሚያስቡ ከሆነ የመጨረሻውን ዕጣ ይምረጡ፣ ያኔ የሚቀበሉት የራስዎን ቁጠባ ነው።

በዘመድ ስም የሚገዛ ቤት

ኪሳራ ያየ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው ምክር «በአጎትህ ልጅ ስም ግዛው፣ አንተ ክፈል» የሚል ነው። ምክሩን የሚሰጡት ሰዎች ክፉ አይደሉም፣ ሊረዱ አስበው ነው። ነገር ግን ዘመድዎ «እኔ እኖርበታለሁ» ብሎ ለባንክ ፈርሞ እርስዎ ቢገቡበት፣ የፈረመው ሐሰት ነው። ለባንክ ብድር ሲባል አውቆ ሐሰት መናገር በፌዴራል ሕግ እስከ 30 ዓመት እስራትና እስከ አንድ ሚሊዮን ዶላር መቀጮ ሊያስከትል የሚችል ወንጀል ነው። ግሪን ካርድ ላይ ላለ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ክስ ከገንዘቡም ይበልጣል። ወንጀሉ ቀርቶ እንኳ፣ ዘመድዎ ቢፋታ፣ ቢሞት ወይም ቢከስር፣ አሥር ዓመት የከፈሉበት ቤት በሕግ የእሱ ነው። በዚህ ምክንያት ለቅሶ ላይ እንኳ የማይገናኙ ወንድማማቾች አይቻለሁ።

ከማመልከትዎ በፊት የሚያጣሯቸው

የክሬዲት ሪፖርትዎን ከሦስቱም ድርጅቶች በነጻ ያውጡ። በባንክራፕሲ የተሰረዘ ዕዳ ሁሉ ቀሪ ሒሳቡ ዜሮ ሆኖ መታየት አለበት። ዛሬም ያልተከፈለ ተብሎ ከተጻፈ በጽሑፍ ይቃወሙ። «ባንክራፕሲውን አጠፋልሃለሁ» ብሎ ቅድሚያ ገንዘብ ለሚጠይቅ ሰው ግን አንድ ዶላር አይስጡ። ሥራውን ሳይፈጽሙ ክፍያ መቀበል በ1996 በወጣ ሕግ ለእንዲህ ያሉ ድርጅቶች የተከለከለ ነው።

ባለሱቆችና ባለምግብ ቤቶች፣ በወረርሽኙ ጊዜ ከኤስ ቢ ኤ የወሰዳችሁትን ብድር አትርሱ። ክፍያው ከተቋረጠ ስምዎ በመንግሥት የባለዕዳዎች መዝገብ ላይ ይገባል፣ ኤፍ ኤች ኤም ያንን መዝገብ ሳያይ ብድር አይሰጥም። ከገዢ የሰበሰቡት የሽያጭ ታክስ በባንክራፕሲ አይሰረዝም። የአይ አር ኤስ ዕዳ ካለብዎት የክፍያ ስምምነት ይግቡ። በስምምነቱ ቢያንስ ሦስት ወር በሰዓቱ የከፈለ ሰው በኤፍ ኤች ኤ ሊታይለት ይችላል።

ስለ ኢሚግሬሽን ሁኔታም ላስታውስ። ከግንቦት 25 ቀን 2025 ጀምሮ በሚከፈቱ ማመልከቻዎች፣ ቋሚ ነዋሪ ያልሆኑ ሰዎች የኤፍ ኤች ኤ ብድር እንዳያገኙ ተደርጓል። በሥራ ፈቃድ ብቻ ያላችሁ ከማመልከታችሁ በፊት ይህን እወቁ።

በኤፍ ኤች ኤ ብድር ክሬዲቱ 580 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ቅድሚያ የሚከፍለው 3.5 በመቶ ነው። የኢንሹራንስ ክፍያ ግን አለበት፣ ቅድሚያው ከ10 በመቶ ካነሰ ኢንሹራንሱ ብድሩ እስኪያልቅ ይከተላል። ስለዚህ ሁሉም ሰው ነገውኑ ይግዛ አልልም። ኪራዩ የሚሻለው ሰው አለ። የምለው፣ ውሳኔው በፍርሃትና በወሬ ሳይሆን በቁጥር ይሁን ነው።

ደንበኛዬ በመጨረሻ ተቀመጡ። ሻይ ጠጣንና የሁለቱን ዓመት ወረቀት ገጽ በገጽ አየን። ደረሰኝ ያልተገኘለትን ወጪ አውጥተን የእርማት ፎርም አስገባን። ልዩነቱን ከነወለዱ ከፈሉ፣ እኔም ለሥራዬ አላስከፈልኩም። ከፍለው ሲወጡ «ይህን ያህል ገንዘብ ለእውነት ስከፍል የመጀመሪያዬ ነው» አሉኝና ሳቁ። አሁን በታክሲያቸው ውስጥ ለደረሰኝ የሚሆን የብስኩት ቆርቆሮ አላቸው። ማይላቸውን በየማታው ይጽፋሉ። ቤቱን ገና አልገዙም። ሁለት ንጹሕ የታክስ ዓመት እየጠበቅን ነው፣ ይህ ጥበቃ ግን እንደ ፊተኛው በባዶ አይደለም።

እርስዎም በሚቀጥለው የታክስ ወራት ወደ ባለሙያዎ ሲሄዱ «ዝቅ አድርግልኝ» ከማለትዎ በፊት «ቤት ለመግዛት አስቤያለሁ፣ ይህ ወረቀት ለባንክ ሲታይ ምን ይላል?» ብለው ይጠይቁ። እሱ ካልጠየቀዎት እርስዎ ይጠይቁት። እኔ ሳልጠይቅ በመቅረቴ አንድ ጨዋ ሰው ዓመታት ከስረዋል።

ቸር ይግጠመን።